ግራ ገጽና ቀኝ ገጽ፦ የትምህርት ንድፍን በሂሳዊ ምልሰት ከምርምር ጋር የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

በጣና ዳር ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ መርጃ መሣሪያ ይዤ ሄድኩ። ትምህርቱ ስለ መንሳፈፍና ስለ መስመጥ ነው። ከደንገል የታሰረች፣ ክንድ የማትሞላ ታንኳ ሠርቻለሁ። ውሃ የሞላ ሰማያዊ ሳፋ፣ አንድ ጣሳ ጠጠርና የግምት ካርዶችም አሉኝ። ካርዱ «ታንኳ ለምን አይሰምጥም?» ይላል። ልጆቹ ታንኳዋ ስንት ጠጠር እንደምትችል ይገምታሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየጫኑ ይቆጥራሉ።

ጠዋት በገባሁበት ክፍል ታንኳዋ 23 ጠጠር ቻለች። ከሰዓት በሌላው ክፍል 14 ላይ ሰጠመች። «እነዚህ ልጆች ጠጠሩን ባንድ ጎን እየከመሩ ነው» አልኩና ደብተሬ ላይ እንደዚያው ጻፍኩ። ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ከኋላ ረድፍ ዝም ብሎ የዋለ አንድ ልጅ ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ደንገሉ እኮ ውሃ ጠጥቷል። ፀሐይ ላይ መዋል አለበት» አለ። አባቱ ታንኳ ሠሪ ናቸው።

ልክ ነበር። ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አየር ስለያዘ ነው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ባለ ታንኳዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳውን ወደ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት ለዚህ ነው። ይህን ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶታል። እኔም አይቼዋለሁ። ካርዱን ስጽፍ ግን አንዴም አልታወሰኝም።

ይህ መመሪያ የተወለደው ከዚያ ቀን ነው። የምጽፈው የዕለት ትምህርት ዕቅድ ለሚያወጡ፣ መርጃ መሣሪያ ለሚሠሩ፣ ሞጁል ለሚያዘጋጁ፣ በዚያ ላይ የተግባር ምርምር ሠርተው እንዲያስገቡ ለሚጠየቁ መምህራን ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ለየብቻ እንሠራለን። ዓመቱን ሙሉ ስንነድፍ እንከርማለን፣ ሰኔ ሲቃረብ ደግሞ ከሥራችን ጋር የማይተዋወቅ «አክሽን ሪሰርች» እንጽፋለን። ከተማችን ባሕር ዳር ራሷ ይህን ታስታውሰኛለች። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒኩ የሚሠሩ እጆች ግቢ ነበር፤ ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ ስለ ማስተማር የሚያስቡ ሰዎች ግቢ ነበር፤ ስሙም ከፔዳጎጂ የመጣ ነው። በ1992 ዓ.ም ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በእያንዳንዳችን ጭንቅላት ውስጥም ሁለቱ ግቢዎች አሉ። በመካከላቸው የሚያመላልሰውን መንገድ ነው ደረጃ በደረጃ የማሳያችሁ።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሂስ የሚለው ቃል

ሂሳዊ ምልሰት የምለው በስልጠና ቦታ ሁላችንም «ክሪቲካል ሪፍሌክሽን» የምንለውን ነው። ችግሩ ሂስ የሚለው ቃል በኛ አገር ታሪክ አለው። የደርግን ዘመን ያዩ ሰዎች «ሂስና ግለ ሂስ» ሲባል ትዝ የሚላቸው ስብሰባ ነው። ተነስቶ ጥፋትን መናዘዝ፣ ወይም ሌላው ሲወቅስ አንገት መድፋት። ዛሬም «ግምገማ» ሲባል ብዙ ሰው መከላከያውን ይዞ ነው የሚገባው።

ሂሳዊ ምልሰት ኑዛዜ አይደለም። «ምን አጠፋሁ?» አይልም። የሚጠይቀው «ይህን ስነድፍ ምን ነገር እውነት ነው ብዬ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ?» ብሎ ነው። የሚታደነው ታሳቢው ነው። «ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ ተማሪዎች ተሳትፈዋል፣ ሰዓት ግን አጠረ» ብሎ መጻፍ ምልሰት ሊባል ይችላል፣ ሂሳዊ ግን አይደለም። ምንም ታሳቢ አልነካማ።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ሥራ ሁለት ዓይነት ምልሰት ለይቷል። አንዱ እየሠሩ ማሰብ ነው፣ ሌላው ከሠሩ በኋላ ተመልሶ ማሰብ። ደስ የሚለኝ፣ ከምሳሌዎቹ አንዱ የአርክቴክቸር ተማሪና አስተማሪዋ አንድ ሥዕል ላይ አጎንብሰው ሲነጋገሩ የሚያሳይ መሆኑ ነው። ነዳፊ መስመር ያሰምራል፣ መስመሩ መልሶ ይናገረዋል፣ እሱም ያስተካክላል። እኛ ክፍል ውስጥ የምናደርገውም ያው ነው። የሚጎድለን መመዝገቡ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሳኔውን በተወሰነበት ቀን ጻፉ

ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ስትገልጡት ግራና ቀኝ ሁለት ገጽ ይታያችኋል። ግራው ከክፍል በፊት ነው፣ ቀኙ ከክፍል በኋላ።

በግራው ገጽ ለእያንዳንዱ ዋና ውሳኔ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ። አንደኛ፣ ምን ወሰንኩ። ሁለተኛ፣ ምክንያቱም ምን ብዬ። ሦስተኛ፣ ተሳስቼ ከሆነ ክፍል ውስጥ ምን አያለሁ። የታንኳዋ ገጽ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«ውሳኔ፦ ከፕላስቲክ ጀልባ ይልቅ የደንገል ታንኳ እጠቀማለሁ። ምክንያቱም፦ ልጆቹ የሚያውቁት ዕቃ ስለሆነ በነፃነት ይናገራሉ ብዬ። ተሳስቼ ከሆነ፦ ታንኳ ያለባቸው ቤት ልጆች ከሌሎቹ በላይ ዝም ይላሉ።»

እኔ ያን ዕለት የጻፍኩት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛው ቢኖሩ ኖሮ፣ ከኋላ ረድፍ ያለው ዝምታ ገና ዕቃዬን ሳልሰበስብ ይታየኝ ነበር።

«ምክንያቱም» የምትለዋ መስመር ናት የንድፍና የምርምር ድልድይ። ያለ እሷ የሠራችሁት ዕቃ ዕቃ ብቻ ነው። እሷ ስትጨመር ዕቃው ግምት የተሸከመ ነገር ይሆናል፤ ግምት ደግሞ ይፈተናል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷን አትዝለሏት። «ሚኒስቴሩ ያወጣው መጽሐፍ ስለሚል» ወይም «ሁሌም እንዲህ ስለምናደርግ» ብላችሁም ከሆነ እንደዚያው ጻፉት። እንዲያውም ለምርምር ከሁሉም የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ሐቀኛ ምክንያት ነው።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ። ግራው ገጽ ከክፍል በኋላ አይነካም። አይሰረዝም፣ አይታረምም። ከክፍል ከወጣን በኋላ «እኔም እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር» ማለት ሰው ሁሉ ያለበት አመል ነው። ከመግባታችሁ በፊት ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይቀመጣል።

ደረጃ 2፦ ያያችሁትንና የተረጎማችሁትን ለዩ

ቀኙን ገጽ በዚያው ቀን ሙሉ። ካደረ ይሻግታል። ጊዜ ካጠረ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ በድምፅ ቅዱትና ማታ ገልብጡት።

«ተማሪዎቹ ሰለቹ» ብላችሁ አትጻፉ። መሰልቸት አይታይም። የሚታየው «ከኋላ ረድፍ አራት ልጆች ጭንቅላታቸውን ዴስኩ ላይ አስተኙ፤ ሰዓቱ 8:20 ነበር» የሚለው ነው። አራቱ ልጆች ሰልችተው ይሆናል። ምሳ ሳይበሉ መጥተውም ይሆናል። ሌሊት ከአባታቸው ጋር መረብ ላይ አድረውም ይሆናል። «ሰለቹ» ብሎ የጻፈ ሰው የቀሩትን በሮች በራሱ እጅ ዘጋቸው።

የኔው ደብተር ላይ «ተማሪዎቹ ጠጠሩን ባንድ ጎን ስለከመሩ 14 ላይ ሰጠመች» ይላል። ከዚህ ውስጥ የታየው «14 ላይ ሰጠመች» የሚለው ብቻ ነው። ቀሪው ፍርድ ነው፣ ያውም ልጆቹን ጥፋተኛ የሚያደርግ ፍርድ። ዕቃው ወይም ንድፉ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። ይህን ልብ በሉልኝ። ንድፋችን ሳይሠራ ሲቀር እጃችን ቶሎ የሚጠቁመው ወደ ተማሪው ነው። ቀኙን ገጽ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ አንብቡት፤ «ተማሪዎቹ … ስላልቻሉ» የሚል አረፍተ ነገር ካገኛችሁ ከሥሩ አስምሩበት። ለቀጣዩ ደረጃ ቁፋሮው የሚጀመረው እዚያ ጋ ነው።

ደረጃ 3፦ ታሳቢውን ቆፍሩ

ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። በሳምንት አንዴ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተቀመጡበት። እኔ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ዋርካ ሥር ነው የምቀመጠው፣ ስልኬን ቤት ትቼ።

ስለ መምህራን ሂሳዊ ምልሰት ብዙ የጻፈው ስቲቨን ብሩክፊልድ ታሳቢዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። ክፍፍሉ ለሥራ ይመቻል፤ በኔው ስህተት ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው «ይህን ካደረግሁ ያ ይሆናል» የሚለው ነው። የኔው፦ «የሚያውቁትን ዕቃ ካመጣሁ ይናገራሉ።» ይህ ለማግኘትም ለመፈተንም ቀላሉ ነው።

ሁለተኛው «ጥሩ መምህር እንዲህ ማድረግ አለበት» የሚለው ነው። የኔው፦ «ጥሩ መርጃ መሣሪያ አንድ ግልጽ መልስ ሊኖረው ይገባል።» ለዚህ ነው ካርዱ «ለምን አይሰምጥም?» ብሎ የጠየቀው። መልሱ አስቀድሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሦስተኛው የሁሉም መሠረት ነው። እምነት መሆኑ እንኳ አይታወቀንም፤ ዓለም እንዲሁ የሆነች ይመስለናል። የኔው ይህ ነበር፦ «ሳይንስ ከመጽሐፍ ወደ ልጁ ይሄዳል፤ ከሐይቁ የመጣው ማስጌጫ ነው።» ይህን አረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ብናገረው ኖሮ ራሴው እቃወመው ነበር። ታንኳዋን ግን በእሱ ነው የሠራኋት። እጄ የሠራው አፌ ከሚለው ተለየ።

ሦስተኛው ጋ ለመድረስ የምጠቀምባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። በዚህ ንድፍ ማን ይናገራል፣ ማን ይሰማል? አዋቂ ተብሎ የተቀመጠው ማነው? የማን ቤት ዕውቀት ቦታ አገኘ? ልጁ እኔን ቢያርመኝ ንድፉ ውስጥ የሚያርምበት ሰዓት አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ነው እኔን የያዘኝ። አልነበረም። ልጁ የጠበቀው ደወል ተደውሎ ዕቃ እስክሰበስብ ነው።

ደረጃ 4፦ ብቻችሁን አትዩት

ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። ብሩክፊልድ የሚመክረው በአራት መነጽር ማየትን ነው፦ በራስ የሕይወት ልምድ፣ በተማሪ ዓይን፣ በባልደረባ ዓይንና በተጻፈው ዕውቀት። የመጀመሪያውን ከደብተራችሁ ጋር ጀምራችሁታል። ስለ ሁለቱ መካከለኞች ግን የኛን አገር ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

ልጆቻችን መምህርን ፊት ለፊት ማረም ነውር ነው ተብለው ያደጉ ናቸው። «ትምህርቱ እንዴት ነበር?» ብትሉ «ጥሩ ነው ቲቸር!» ይላችኋል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ስለዚህ ስለ እናንተ አትጠይቁ፤ ስለ ዕቃው ጠይቁ። «ይህች ታንኳ የቱ ጋ አስቸገረቻችሁ?» «ለሚቀጥለው ክፍል ከመስጠቴ በፊት ምን ላስተካክልላት?» ስም የሌለበት የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ወረቀት ስጡ፣ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ። መጻፍ ለሚከብዳቸው ሥዕል ይበቃል። ዕቃን መተቸት ነውር ስላልሆነ ልጆቹ አፋቸው ይፈታል።

ለባልደረባ ደግሞ ምሳሌዬ ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ሩቅ አንሄድም። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርማሉ። ነገራው የዕለት ሥራ ነው፤ ታረመ ተብሎ የሚዋረድ የለም። ይህን መንፈስ ወደ መምህራን ክፍል ማምጣት ይቻላል። ሁለት ባልደረቦች ይበቃሉ። ግራና ቀኝ ገጻችሁን አንብቡላቸው። እነሱ ምክር አይሰጡም፣ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው። «እኔ ብሆን …» ብሎ የጀመረ ሰው በፈገግታ ይቁም። እንዲህ ያለው ውይይት ላይ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላ አለቃ ባይኖር እመርጣለሁ። ነጥብ ባለበት ቦታ ሰው ታሳቢውን አያወጣም።

ስለ ንባብ ረጅም የምለው የለኝም። ቆፍራችሁ ያገኛችሁትን ታሳቢ ይዛችሁ አንብቡ፤ ጥያቄ ሳይዙ ማንበብ ጊዜ ይበላል።

ደረጃ 5፦ ታሳቢውን ወደ ጥያቄ ቀይሩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

አሁን ምርምር ውስጥ ገባን። «መርጃ መሣሪያው ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደካማ ነው፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ በኋላ የሚማሩበት ነገር የለም። «ለማን ሠራ? በምን ሁኔታ? በምን ምክንያት?» በሉ። የኔው ጥያቄ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦ «የካርዱ አጠያየቅ ሲቀየር፣ ከሐይቁ ጋር የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ከቤታቸው የሚያውቁትን ክፍል ውስጥ ያወጡታል ወይ?»

ለውጡ የካርዱ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ታንኳ ለምን አይሰምጥም?» የሚለው «ታንኳ መቼ ይሰምጣል?» ሆነ። ታንኳዋንም ሁለት ላደርጋት፣ አንዷ ደረቅ፣ አንዷ ውሃ የጠጣች እንድትሆን አስቤ ነበር። ይህን ግን ለቀጣዩ ዙር አቆየሁት። ካርዱንም ዕቃውንም አንድ ላይ ብቀይር ልጆቹን ያናገራቸው የቱ እንደሆነ ማወቅ አልችልም።

በአዲሱ ካርድ ስገባ ከሰባት አቅጣጫ እጅ ወጣ። «ሲያረጅ!» «ማዕበል ሲመጣ!» «ገመዱ ሲላላ!» «ሳይደርቅ ከተጫነ!» ከዚህ በፊት ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ተነስቶ አባቱ ታንኳውን እንዴት ዳር አቁሞ እንደሚያደርቅ በእጁ አሳየ። ቆሜ ጻፍኩ፤ ጠመኔውን እንኳ አላነሳሁም።

እንዲህ በዙር እየነደፉ፣ ክፍል ውስጥ እየሞከሩ፣ እያረሙ ማጥናት በምርምሩ ዓለም የታወቀ መንገድ ነው። አን ብራውንና አለን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1992 በየፊናቸው ስለ «የንድፍ ሙከራ» ሲጽፉ፣ ክፍል እንደ ላቦራቶሪ ሁሉን ነገር ተቆጣጥረው የሚሠሩበት ቦታ እንዳልሆነ አምነው ነው የተነሱት። ስለዚህ የክፍላችሁ ግርግር አያሳፍራችሁ። መዝግቡት እንጂ። ጠዋትና ከሰዓት የገባችሁባቸው ክፍሎች አንድ አይደሉም። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ደንገል እንደ ልብ አይደርቅም፤ በየካቲት ያገኛችሁት ውጤት በሰኔ ላይደገም ይችላል። ይህ ሁሉ ቀኝ ገጽ ላይ ይግባ።

ቢያንስ ሦስት ዙር አድርጉ። ከዚያ የምታገኙት «ለክልሉ ተማሪዎች በሙሉ» የሚል ድምዳሜ አይደለም። «እንዲህ ባለ ክፍል፣ እንዲህ ባለ ምክንያት፣ እንዲህ ብትነድፉ ይህን ልታዩ ትችላላችሁ» የሚል ነው። ሌላ መምህር ደንቢያ ወይም ሐይቅ (ወሎ) ሆኖ ሊሞክረው የሚችለው እንዲህ ሲጻፍ ነው።

ደረጃ 6፦ ፈቃድና ባለቤትነት

ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን አስፈቅዱ። የልጆችን ፊት አትቅረጹ፤ እጃቸውንና ሥራቸውን መቅረጽ ይበቃል። የልጁ ስም ደብተራችሁ ላይም በቁጥር ይተካ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልለምናችሁ። ዕውቀቱ ከታንኳ ሠሪ ቤት ከመጣ፣ ጽሑፋችሁ ላይ «ከታንኳ ሠሪዎች የተገኘ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፣ ተመልሳችሁም ንገሯቸው።

ደረጃ 7፦ ስትጽፉ ግራውን ገጽ አትደብቁ

የተለመደው ዘገባችን ቅርጽ አለው። ችግር፣ መጠይቅ፣ ፐርሰንት፣ የመፍትሔ ሐሳብ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ከተመረጠ በኋላ ነው ችግሩ የሚጻፈው። እናንተ በተቃራኒው ጀምሩ። የመጀመሪያውን ግራ ገጽ ቃል በቃል አስቀምጡ፣ ስህተቱም እንዳለ። ቀጥሎ ያያችሁትን። ከዚያ የተገኘውን ታሳቢና ማን እንዳሳያችሁ። ከዚያ የለወጣችሁትን አንድ ነገርና ሁለተኛውን ግራ ገጽ። እንዲህ እያላችሁ እስከ ሦስተኛው ዙር። አንባቢው ንድፉ ብቻ ሳይሆን አስተሳሰባችሁ እንዴት እንደተለወጠ ይከተላችኋል። የመረጃችሁ አስተማማኝነት የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ የተሳሳተውን ያሳየ ሰው የቀናውን ሲናገር ይታመናል።

ሦስተኛውን ታንኳ ይዤ «ደንገሉ ውሃ ጠጥቷል» ወዳለኝ ልጅ አባት ሄጄ ነበር። ደንገል እያሰሩ ነው ያገኘኋቸው። ታንኳዬን በሁለት ጣታቸው አንስተው ገለበጧት፣ ማሰሪያዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ «ልጆቹ ራሳቸው ለምን አያስሯትም?» አሉኝ። ማታ ቤት ገብቼ አዲስ ግራ ገጽ ገለጥኩ፦

«ውሳኔ፦ ታንኳዋን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስራሉ። ምክንያቱም፦ እጃቸው የሚያውቀውን ሲሠሩ አፋቸውም ይናገረዋል ብዬ። ተሳስቼ ከሆነ፦ ያስራሉ፣ ግን ዝም ይላሉ።»